ኳሱ ቋሚውን ሲመታ፦ የአውስትራሊያ ራግቢ ሊግ የ2015 ፍጻሜ እና የትኬቶቹ ዕጣ

ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ማታ፣ አርጀንቲና ኳታር ላይ ዋንጫውን ባነሳችበት ምሽት፣ ሰፈራችን ያለው ቤቲንግ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ትኬቱን ይዞ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። «አርጀንቲና ታሸንፋለች» ብሎ ነው የቆረጠው። አርጀንቲናም አሸንፋለች፣ ሜሲም ዋንጫውን ስሟል። ገንዘብ ተቀባይዋ ትኬቱን አይታ መለሰችለት።

«ተበልተሃል።»

«እንዴት ነው የምበላው? ዋንጫውን ማን ወሰደው?»

«አርጀንቲና። አንተ የቆረጥከው ግን የ90 ደቂቃ ነው። በ90 ደቂቃ ሁለት ለሁለት ነው ያለቀው።»

ልጁ ትኬቱን ገለበጠው። ጀርባው ላይ በጥቃቅን ፊደል የታተመውን ያን ዕለት ይመስለኛል ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው። ከኋላው የቆመው ሰው ደግሞ «X»፣ አቻ ማለት ነው፣ ብሎ ቆርጦ ስለነበር ገንዘቡን ቆጥሮ ወጣ። ስለ አርጀንቲናም ስለ ፈረንሳይም ግድ የነበረው አይመስልም።

ያ ክርክር አሁንም በየቤቲንግ ቤቱ አለ። እኔ ግን ነገሩን ከሥሩ ለማየት የመረጥኩት ጉዳይ እግር ኳስ አይደለም። ብዙዎቻችን አይተነው የማናውቀው ጨዋታ ነው፦ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ራግቢ ሊግ የ2015 ፍጻሜ። እዚህ ላይ 2015 የምለው እ.ኤ.አ. ነው፤ ጨዋታው የተካሄደው ኦክቶበር 4 ቀን፣ በእኛ መስከረም 23 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ይህን ፍጻሜ የመረጥኩት አንድ ኳስ አንድ ብረት ላይ ስለተመታ ብቻ የትኬቶች ሁሉ ዕጣ የተገላበጠበት ስለሆነ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው የሚበቃው ይህ ነው። በአንድ ወገን 13 ተጫዋች፣ 80 ደቂቃ። ኳሱን ተሸክሞ ከተጋጣሚው የመጨረሻ መስመር አሻግሮ መሬት ያስነካ «ትራይ» አገባ ይባላል፣ 4 ነጥብ። ከትራይ በኋላ ኳሱን በሁለቱ ቋሚዎች መካከል፣ ከአግዳሚው በላይ የመምታት ዕድል ይሰጣል፤ ይህ «ኮንቨርዥን» ሲሆን 2 ነጥብ ነው። የቅጣት ምት ወደ ጎል ቢመታም 2 ነው። ጨዋታው ሳይቆም ኳሱን መሬት አንጥሮ በቋሚዎቹ መካከል ያሳለፈ «ፊልድ ጎል» አስቆጠረ ይባላል። እሱ ያኔ 1 ነጥብ ብቻ ነበር። ኮንቨርዥን የሚመታው ትራዩ ከገባበት ቦታ ትይዩ ወደ ኋላ ተወስዶ ነው። መሃል ላይ ከገባ ልጅም አይስተውም፤ ጥግ ላይ ከገባ ግን ማዕዘኑ ይጠባል፣ ቋሚዎቹም ከዚያ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ።

የፍጻሜው ሁለት ቡድኖች ብሪዝበን ብሮንኮስና ኖርዝ ኩዊንስላንድ ካውቦይስ ነበሩ። ሁለቱም የኩዊንስላንድ ክለቦች ናቸው፤ ሁለት የኩዊንስላንድ ክለቦች ለፍጻሜ ሲገናኙም የመጀመሪያው ነበር። ቦታው ግን ሲድኒ ነው፣ የኦሎምፒኩ ስታዲየም፣ 82,758 ተመልካች። ብሮንኮስ ከዚያ በፊት ለስድስት ፍጻሜ ደርሶ ስድስቱንም አሸንፏል፤ ሊጉ ለሁለት ተከፍሎ በነበረበት በ1997 የወሰደውን ጨምሮ ማለት ነው። አሰልጣኙ ዌይን ቤኔት። ካውቦይስ በበኩሉ ሊጉን የተቀላቀለው በ1995 ነው። ዋንጫ አንስቶ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ በ2005 ለፍጻሜ ደርሶ በዌስትስ ታይገርስ 30 ለ16 ተሸንፏል። የ2015ን ውድድር ሲጀምርም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተከታትሎ ተሸንፏል። በዚያ ሰሞን «ዋንጫውን ካውቦይስ ይወስዳል» ብሎ የቆረጠ ሰው ጓደኞቹ ምን ብለው እንደሳቁበት መገመት አያቅትም።

ከፍጻሜው ሦስት ሳምንት በፊት ሁለቱ በጥሎ ማለፉ መጀመሪያ ብሪዝበን ላይ ተገናኝተው ብሮንኮስ 16 ለ12 አሸንፏል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ፍጻሜው እንደ ተጠበቀው አንገት ለአንገት ነው የሄደው። እረፍት የወጡት ብሮንኮስ 14 ለ12 እየመራ ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ብሮንኮስ በአንድ ቅጣት ምት 2 ጨመረ፣ 16 ለ12። ከዚያ በኋላ ደቂቃው ይሄዳል፣ ካውቦይስ ይገፋል፣ መስመሩ አይበገርም። የውጤት ሰሌዳው ላይ የሚታየው የሦስት ሳምንት በፊቱ ውጤት ራሱ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ፣ በመጨረሻዋ ኳስ፣ ማይክል ሞርጋን በቀኝ በኩል ተከላካይ ላይ ገብቶ፣ ሊወድቅ ሲል ኳሱን በጀርባ እጁ ነጥሎ ለካይል ፌልት ሰጠ። ፌልት ጥግ ላይ አስነካ። 16 እኩል።

አሁን ኮንቨርዥኑ ቀርቷል። ሰዓት የለም። ከገባ 18 ለ16፣ ካውቦይስ ሻምፒዮን። መቺው ጆናታን ተርስተን ነው፣ ክለቡን ለዓመታት ተሸክሞ የኖረ ሰው። ኳሱ የቆመው የቀኙ የሜዳ ጠርዝ አጠገብ፣ ለቀኝ እግር መቺ በማይመቸው ወገን። ተርስተን መታው። ኳሱ ወደ ውጭ ተነስቶ ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀመረ። እየታጠፈ ሄዶ፣ ሄዶ፣ የቀኙን ቋሚ መትቶ ወደ ውጭ ነጠረ። ተርስተን ሣሩ ላይ ተዘረጋ።

በ«ጎልደን ፖይንት» ደንብ መሠረት ጭማሪ ሰዓት ተጀመረ። እግር ኳስ ላይ የነበረውን ወርቃማ ጎል የምታስታውሱ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም፦ ቀድሞ ነጥብ ያስቆጠረ አሸነፈ፣ ጨዋታው እዚያው አለቀ። ካውቦይስ ኳሱን አስጀመረ። የብሮንኮሱ ቤን ሀንት የመጣችለትን ኳስ ለመያዝ ሞክሮ አመለጠችው። ኳሷ ለካውቦይስ ተሰጠች፣ ያውም በብሮንኮስ መስመር ደጃፍ። ጥቂት ጊዜ ተጋፍተው ኳሷን መሃል ላይ አመቻቹ፣ ለተርስተን ወደ ኋላ አቀበሉት፣ እሱም አንጥሮ መታት። 17 ለ16። የመጀመሪያው ዋንጫ። የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋች ሜዳሊያም የተርስተን ሆነ።

ሜዳ ላይ የነበረው ታሪክ ይህ ነው። ትኬቶቹ ጋ ስንመጣ ግን አንድ ጨዋታ ሳይሆን ሁለት ጨዋታ ነው የተካሄደው፤ አንዱ 16 ለ16 ያለቀ፣ ሌላው 17 ለ16።

አውስትራሊያ ውስጥ በብዛት የሚቆረጠው ትኬት ሁለት ምርጫ ብቻ ያለው ነው፦ እነሱ ወይም እነዚያ። አቻ የሚባል ነገር የለም፤ ጭማሪው ሰዓት ይቆጠራል። እዚያ ላይ ካውቦይስን የያዘ በላ፣ ብሮንኮስን የያዘ ተበላ። ጨዋታውን ያየ ማንኛውም ሰው የሚገምተው ይህን ነው።

ከጎኑ ግን ሌላ ገበያ አለ፣ ሦስት ምርጫ ያለው፦ ብሮንኮስ፣ አቻ፣ ካውቦይስ፣ በ80 ደቂቃ። የእኛው 1X2 ማለት ነው። እዚህ ላይ ካውቦይስን የያዘ ሰው ልክ እንደ ሰፈራችን ልጅ ተበልቷል። ቡድኑ ዋንጫ እያነሳ፣ ከተማው እየጨፈረ፣ ትኬቱ ወረቀት ነው። ብሮንኮስን የያዘውም ተበልቷል። የበላው አቻን የያዘው ብቻ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን የ80 ደቂቃውን ይቆርጣል? ብዙ ጊዜ መልሱ «አላነበበም» አይደለም። ኦዱ፣ ያስያዝከው ብር የሚባዛበት ቁጥር ማለት ነው፣ ስለሚበልጥ ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት እኩል ቡድኖች ናቸው እንበል። በሁለት ምርጫው ገበያ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 1.90 ይሰጣል። በሦስት ምርጫው ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 2.00፣ ለአቻ 17.00። 100 ብር ያለው ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ያያል፦ «ያው ቡድን ነው፣ ያው ጨዋታ ነው፣ እዚህ 190 እዚያ 200» ብሎ 200 የተጻፈበትን ይጫናል። 10 ብሯን በነጻ ያገኘ ይመስለዋል።

በነጻ አይደለም። ከ100 እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች 5ቱ በ80 ደቂቃ አቻ ይሆናሉ ብለን እንያዝ። በሁለት ምርጫው ከ100 ትኬት 50 ያህሉ ያሸንፋል፣ 50 ጊዜ 190፣ 9,500 ብር። በሦስት ምርጫው አምስቱ ለአቻ ስለሚወጡ የሚያሸንፈው 47.5 ነው፣ በ200 ሲባዛ ያው 9,500። ሁለቱም ላይ 10,000 አስይዘህ 500 ለቤቱ ትተሃል። 10 ብሯ የአቻው ኪራይ ነበረች፤ ቤቱ ሰጥቶህ መልሶ ይወስዳታል፣ አንተ ግን የምትወስድበትን ቀን አታውቀውም። ቀኗ የፍጻሜ ቀን ስትሆን ደግሞ ሰው ሁሉ ያስታውሳታል። አቻውን በ17.00 የያዘውስ? 5 ጊዜ 1,700፣ 8,500። ከሦስቱ የባሰው ዋጋ የእሱ ነው። ብዙ የሚከፍል ኦድ ብዙ ጊዜ ቤቱ የበለጠ የቆረጠበት ነው፤ ይህን በእግር ኳስ ትኬትም ማየት ይቻላል።

አሁን ወደ ቋሚው ልመለስ፤ ምክንያቱም የዚህ ጉዳይ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ኳሱ ወደ ውስጥ ጥቂት ቢታጠፍ ኖሮ 18 ለ16፣ በ80 ደቂቃ። አቻ የያዘው ይከስራል፣ የ80 ደቂቃ ካውቦይስ የያዘው በደስታ ያብዳል። ይህ ግልጽ ነው። ሌሎቹን ግን ሰው አያስብም። ልዩነት ተሰጥቶ የሚቆረጥ ትኬት አለ፦ «ካውቦይስ ሲቀነስ 1.5»፣ «ብሮንኮስ ሲደመር 1.5»። ግማሿ ነጥብ የተቀመጠችው እኩል እንዳይወጣና ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ነው። ካውቦይስ ሲቀነስ 1.5 የያዘ ሰው ለመብላት ቢያንስ በ2 ነጥብ ማሸነፍ አለበት። ኮንቨርዥኑ ቢገባ፣ 18 ለ16፣ በላ። ኳሱ ቋሚውን መትቶ ሲመለስ ግን ይህ ሰው በሕይወት እያለ ተቀብሯል ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ወርቃማ ነጥብ ላይ ቡድን ሁሉ የሚፈልገው አንዷን ነጥብ ነው። ማንም አሠልጣኝ ለ4 ነጥብ ብሎ ኳሷን ጥግ ድረስ አይልካትም፤ መሃል ላይ አመቻችተው ይመቷታል። ስለዚህ ካውቦይስ ቢያሸንፍ እንኳ በአብዛኛው በ1 ነው የሚያሸንፈው። ሆነም። 17 ሲቀነስ 1.5፣ 15.5፣ ከ16 ያንሳል። ካውቦይስ ዋንጫውን አነሳ፣ ብሮንኮስ ሲደመር 1.5 የያዘው ሰው ገንዘቡን ወሰደ፣ የወደደው ቡድን ሣር ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ።

የጠቅላላ ነጥብ ትኬትም አለ፣ «ከዚህ በላይ» ወይም «ከዚህ በታች» የሚባለው። መስመሩ፣ ቤቱ ያስቀመጠው ልክ ማለት ነው፣ 33.5 ነው እንበል። ኮንቨርዥኑ ቢገባ ድምሩ 34፣ በላይ። ሳተ፣ 32። የፊልድ ጎሏ ስትጨመር 33፣ በታች። መስመሩ 32.5 ቢሆን ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ጭማሪው ሰዓት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ከተቆጠረ 33፣ በላይ። ካልተቆጠረ 32፣ በታች። አንድ ዓይነት ጨዋታ፣ አንድ ዓይነት መስመር፣ ሁለት ቤት ሁለት ዓይነት ደንብ ቢኖራቸው ሁለት ተቃራኒ ትኬት ይከፈላል። ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ላይ የሚወራረዱም አሉ፤ 32 ሙሉ፣ 33 ጎዶሎ። ይህን የመሰለውን ነገር ማን ይቆርጠዋል አትበሉ፤ ይቆረጣል።

የእረፍትና የመጨረሻ ጥምር ደግሞ እንዲህ ሆነ። እረፍት ላይ ብሮንኮስ እየመራ ነበር። ጭማሪውን በሚቆጥር ቤት «ብሮንኮስ፣ ካውቦይስ» ብሎ የቆረጠ በላ፤ በ80 ደቂቃ በሚዘጋ ቤት ግን የበላው «ብሮንኮስ፣ አቻ» ያለው ነው። ኦዱ የሚያስጎመጀው የኋለኛው ነው፣ እሱን የሚቆርጠው ሰው ደግሞ ከመቶ አንድ ይገኝ እንደሆን ነው።

ሁሉም ትኬት ግን በቋሚው አልተነካም። ፌልት ትራይ ያገባል ያለው ሰው ኮንቨርዥኑ ሲመታ ትኬቱን በኪሱ አድርጎ ነው የሚያየው። «አሸናፊው ከ1 እስከ 12 በሆነ ልዩነት ያሸንፋል፣ ካውቦይስ» ያለውም፣ ጭማሪው እስከተቆጠረ ድረስ፣ በ2ም ቢሆን በ1 ያው ነው።

እዚህ ላይ ታሪክ አዋቂው ተወራራጅ ብቅ ይላል። እሱን አውቀዋለሁ፣ እያንዳንዱ ቤቲንግ ቤት ውስጥ አንድ አለ፣ ደብተር ይዞ። «ፍጻሜ ላይ አቻ ይበዛል» ይላችኋል። ደብተሩ ውሸት አይደለም። የሊጉ ፍጻሜ በ1977 ሴንት ጆርጅና ፓራማታ 9 እኩል ወጥተው ተደገመ፤ በ1978 ማንሊና ክሮኑላ 11 እኩል ወጥተው ተደገመ፤ በ1989 ካንቤራና ባልሜይን 14 እኩል ጨርሰው ካንቤራ በጭማሪ ሰዓት 19 ለ14 አሸነፈ። 2015 ሲጨመር አራት። ዋናውን ሊግ ብቻ ከቆጠርን ከ1977 እስከ 2015 ያሉት ፍጻሜዎች 39 ናቸው፣ ስለዚህ ከአሥር አንድ ገደማ። ይህ እውነት ከሆነ አቻን በ17.00 መያዝ ቤቱን መዝረፍ ነው።

ግን ደብተሩን ከ1990 ይጀምር። ከ1990 እስከ 2014 ባሉት 25 ፍጻሜዎች አንድም በ80 ደቂቃ አቻ የለም። አንድም። በዚያው 25 ዓመት 11ዱ ፍጻሜ በ13 እና ከዚያ በላይ ልዩነት ነው ያለቀው፤ በ2008 ማንሊ ሜልበርንን 40 ለ0 ነው የረታው። በየዓመቱ አቻ ላይ 100 ሲያስይዝ የኖረ ሰው 25 ዓመት ሙሉ 2,500 ጥሎ፣ ምናልባት በ2014 ተስፋ ቆርጦ ትቶ፣ በ2015 ቤቱ ተቀምጦ ኳሱ ቋሚውን ሲመታ ያየ ይሆናል። 39 ጨዋታ ትንሽ ነው። ከየት መቁጠር እንደጀመርክ ነው መልሱን የሚሰጥህ፤ ተወራራጅ ደግሞ ሁልጊዜ የሚመቸው ዓመት ላይ ነው መቁጠር የሚጀምረው።

የአውስትራሊያ ሕግ ደግሞ ለእኛ አገር ተወራራጅ እንግዳ የሆነ ነገር አለው። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ በኢንተርኔት መወራረድ ክልክል ነው። የ2001ዱ የኢንተርኔት ቁማር ሕግ እንደ ፈቀደው፣ በቀጥታ ጨዋታ ላይ መወራረድ የሚቻለው ስልክ ደውሎ በድምፅ ወይም ሱቁ ድረስ ሄዶ ነው። ሐሳቡ ገብቶኛል፤ ስልክ ደውሎ፣ ሰው አናግሮ፣ ስሙን ተናግሮ የሚወራረድ ሰው መሃል ላይ ሐሳቡን ለመቀየር ጊዜ አለው። ጣት ግን አያስብም። በ2015 አንዳንድ ድርጅቶች ይህችን ክፍተት አይተው መተግበሪያቸው ላይ አንድ ቁልፍ ጨመሩ፦ ቁልፉ ሲነካ የስልኩ ማይክሮፎን ይከፈታል፣ ውርርዱም «በስልክ ጥሪ የተደረገ» ይባላል። ማንም ማንንም አላናገረም። ሕጉ ተሻሽሎ ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ2017 ነው።

ይህን እዚህ ያነሳሁት ለወሬ አይደለም። የ2015 ፍጻሜ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች አስቡ። ብሮንኮስ 16 ለ12 ይመራል፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው። ካውቦይስን የያዘ ሰው ተስፋ ቆርጦ ብሮንኮስ ላይ ጨምሮ ኪሳራውን ሊሸፍን ይፈልጋል። ብሮንኮስን የያዘ ሰው በላሁ ብሎ ሌላ ነገር ሊጨምር ይፈልጋል። ስልክ በእጃቸው ይዘው ጣታቸው የሚሠራበት ቁልፍ ቢኖር በዚያች ሰዓት ስንቱ ይጫን ነበር? እኛ ጋ ይህ ጥያቄ አይጠየቅም፣ ጨዋታው እየተካሄደ ትኬት መቁረጥ እንደ ሻይ ማዘዝ ሆኗል። በዚህ አንድ ነገር አውስትራሊያኖቹን አመሰግናቸዋለሁ። በሌላው ብዙም አላመሰግናቸውም፤ የራግቢ ስርጭት መሃል ኦድ የሚነግር ሰው ተንታኝ መስሎ ብቅ ማለቱ ሕዝቡን አስቆጥቶ በቀጥታ ስርጭት ኦድ ማስተዋወቅን የሚገድብ እርምጃ የተወሰደው ገና በ2013 ነበር።

ስለ ማጭበርበርም አንድ ነገር ልጨምርና ልለፈው። ብዙ ሰው ፍጻሜ «ይሸጣል» ብሎ ያስባል። ፍጻሜን መሸጥ ከባድ ነው፤ ሁሉም ዓይን እዚያ ነው፣ ተጫዋቹም ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ቀን ነው። የሚሸጠው ማንም የማያየው ትንሽ ገበያ ነው። በ2010 ኦገስት ውስጥ ተራ የሊግ ጨዋታ ላይ፣ ካንተርበሪ ቡልዶግስ ከዚሁ ከካውቦይስ ጋር ታውንስቪል ላይ ሲጫወት፣ «የመጀመሪያው ነጥብ የካውቦይስ ቅጣት ምት ይሆናል» የሚል ውርርድ ላይ ያልተለመደ ገንዘብ ፈሰሰ። አንድ የቡልዶግስ ተጫዋች ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኳስ ጣለ፣ ቀጥሎ መስመሩ ደጃፍ ላይ ጥፋት ሠርቶ ቅጣት አሰጠ። ካውቦይስ ግን ቅጣቱን ወደ ጎል አልመታም፤ ፈጠን ብሎ ተጫውቶ ትራይ አገባ። ሤራው ሁሉ ገንዘቡን ይዞ ገደል ገባ። ተጫዋቹ በ2011 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ ተቀጣ፣ ከሊጉም ታገደ። ጨዋታን የሚያውቅ ሰው እንኳ ገዝቶ ያልበላበት ገበያ ነው።

ከ2015 በኋላ ሊጉ ደንቡን ቀየረ። ሻምፒዮን የሚለይበት ጨዋታ በአንድ ኳስ መጣልና በአንድ ነጥብ መዘጋቱ ብዙዎችን አላስደሰተም። ከ2016 ጀምሮ በጥሎ ማለፍና በፍጻሜ ጨዋታዎች መጀመሪያ ሁለት አምስት አምስት ደቂቃ ሙሉ ይጫወታሉ፤ ያኔም እኩል ከሆኑ ነው ወርቃማው ነጥብ የሚመጣው። ለደጋፊ ይህ የፍትሕ ጉዳይ ነው። ለትኬት ግን ሌላ ነው፦ ጭማሪው አሥር ደቂቃ ሙሉ ከሆነ ቡድን በ1 ነጥብ ብቻ አይቆምም፣ ትራይ ይፈልጋል፣ በ6ም በ8ም ሊያሸንፍ ይችላል። በድሮው ደንብ በ80ኛው ደቂቃ የሞተው «ሲቀነስ 1.5» በአዲሱ ደንብ ገና ይተነፍሳል። ጠቅላላ ነጥቡም በአንድ ጨምሮ ላይቆም ይችላል። ሜዳ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስትቀየር የኦዱ ሰሌዳ ግማሹ ይቀየራል።

እስካሁን አዲሱ ደንብ በፍጻሜ አልተፈተነም። ለጥቂት የቀረው በ2021 ነው። ፔንሪት ፓንተርስ ሳውዝ ሲድኒን 14 ለ8 እየመራ፣ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሳውዝ ሲድኒ ጥግ ላይ ትራይ አገባ፣ 14 ለ12። አዳም ሬይኖልድስ ኮንቨርዥኑን ከሜዳው ጠርዝ ሊመታ ቆመ። በ2015 አቻ የያዙት ሰዎች ኳሱ እንዲስት ነበር የሚጸልዩት፤ በ2021 ያሉት ደግሞ እንዲገባ። ሬይኖልድስ መታ፣ ሳተ፣ 14 ለ12 አለቀ።